በአሊዩ አምባ ያላለፈ ነሐስ

በሐምሌ 1833 ዓ.ም. በኮርንዋሊስ ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ከታጁራ ተነሥቶ፣ የአፋርን በረሃ አቋርጦ አሊዩ አምባ ደረሰ። ለሸዋው ንጉሥ ለሣህለ ሥላሴ ካመጣው ገጸ በረከት ዋናው መድፍና ጠመንጃ ነበር። አሊዩ አምባ ከአንኮበር ግርጌ ያለች የአርብ ገበያ ናት፤ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ሐረሬውና አማራው በአሞሌ ጨው ይገበያዩባት ነበር። በማግሥቱ ዓመት እዚያው ቤት ይዞ የተቀመጠው ሐኪሙ ቻርልስ ጆንስተን የከተማዋን ኑሮ በዝርዝር ጽፎልናል።

ያኔ በሸዋ ቤተ መንግሥት ከነጋሪቱ ጋር የሚነፉት መለከትና እምቢልታ ነበሩ። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም፤ ሦስት ሰዎች ሦስት እምቢልታ ይይዙና እያንዳንዱ የድርሻውን አንድ ሁለት ድምፅ እየተቀባበለ ዜማውን ይሞላል። አንድ ዜማ ለማውጣት የሦስት ሰው ትንፋሽ ያስፈልጋል ማለት ነው።

የአውሮፓ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያ ግን በአሊዩ አምባ ገበያ አላለፈም። ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ከያዙ ወዲህ የሸዋ ንግድ ወደ ሐረር መንገድ፣ ኋላም ወደ ጅቡቲ ባቡር ዞረና የአሊዩ አምባ ገበያ ቀዘቀዘ። ከአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ 2ኛ የላኩት የነሐስ መሣሪያ አዲስ አበባ ገባ፤ ማስተማሩን ሚሌቭስኪ የተባለ ፖላንዳዊ ያዘ። ጳጉሜ 1 ቀን 1916 ዓ.ም. ደግሞ ራስ ተፈሪ ለማርሽ ባንድ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ደረሱ። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። የንጉሠ ነገሥቱን መዝሙር ዜማ የደረሰውም ኬቮርክ ነው፤ ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው።

በማርሽ ባንድ ውስጥ ከነሐሶቹ ሁሉ ልዩ ሆኖ የሚታየኝ ትሮምቦን ነው። ድምፁን የሚያሳርፍበት የተወሰነ ደረጃ የለውም፤ ነፊው ክንዱን እየዘረጋና እየሰበሰበ ድምፁን ይፈልጋል፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድም እያንሸራተተ ማድረስ ይችላል። ትዝታን የሚዘፍን ሰው ጉሮሮ የሚሠራውን በክንድ መሥራት ነው። ለእኛ ቅኝት የሚስማማው በዚህ ይመስለኛል።

በ1950ዎቹ የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሙዚቀኞች ቀን ለሰልፍና ለአቀባበል ማርሽ ይነፉ፣ ማታ ደግሞ መድረክ ላይ ዘፋኝ ያጅቡ ነበር። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ ከክብር ዘበኛ ጋር ያደጉ ናቸው። እንዲህ ያለ ድርብ ሥራ የሚያውቅ ነፊ፣ የዓለም ትሮምቦን ተጫዋቾች ለምን የድሮውን መካከለኛ ቱቦ እንደሚያሳድዱ ሳይነገረው ይገባዋል። ሰፊው የኦርኬስትራ ትሮምቦን የቱቦው ውስጥ ስፋት 13.9 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ብዙ ትንፋሽ ይበላል፣ ድምፁም ከባድ ነው። ጠባቡ 12.7 እና ከዚያ በታች ነው፤ ቶሎ ይመልሳል፣ ጠንክረው ሲነፉት ግን ድምፁ ስለት ያወጣል። መካከለኛው ከ12.9 እስከ 13.3 ነው። የክሊቭላንዱ «ኪንግ 3ቢ» እና ኮን ፋብሪካ ኤልክሃርት ሳለ የሠራው «78ኤች» በዚህ መሐል ይውላሉ፤ ለዘፋኝ ዝቅ ይላሉ፣ ለሰልፍ ይጮኻሉ። የአንድ ሚሊ ሜትር ነገር ነው፤ ከንፈር ግን ወዲያው ያውቀዋል።

ባለቤቱ ብዙ ዓመት የነፋበትን አሮጌ ትሮምቦን ያነሣ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ግራ እጅ የሚይዝበትን ቦታ ነው። ላቡ ቅቡን በልቶት ነሐሱ ራቁቱን ቀርቷል፤ ተንሸራታቹ ግን ቅባትና ጥቂት ውኃ ሲነካው እንደ ቅቤ ይሄዳል።

የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር የኢትዮጵያን ዜማ ለነሐስ ነፊዎች አቀናብሮ ሰጠ፤ በአገራችን በነሐስ ከተሠራው ሁሉ ትልቁ ይኸ ነው ብዬ አምናለሁ። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊው የሌሊቱን ጭፈራ ዘጋው፣ ኪቦርድም የነፊዎቹን ወንበር ወሰደ። ትሮምቦኑ ወደ ማርሽ ባንዱ ተመለሰ።