የስክሪን ቁጥጥርና ግራፊክስ በሲ ቋንቋ (በዶስ ዘመን)

የስክሪን ቁጥጥርና ግራፊክስ ፕሮግራሚንግ በዶስ ዘመን፣ በሲ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ፊደልን፣ ቀለምን፣ መስመርንና ሥዕልን በቀጥታ ወደ ኮምፒውተሩ ስክሪን የሚያወጣበት ዘዴ ነበር። ዘዴው በተለይ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ተሠርቶበታል። ለኢትዮጵያ ልዩ ጠቀሜታ ነበረው፤ ኮምፒውተሮቹ የግዕዝ ፊደል ስለማያውቁ አማርኛን በስክሪን ላይ ለማየት የፊደሎቹን ቅርጽ ፕሮግራሙ ራሱ ማቅረብ ነበረበት።

መነሻ

ሲ በዴኒስ ሪቺ በቤል ላብራቶሪ በ1972 እ.ኤ.አ. አካባቢ የተፈጠረ የፕሮግራም ቋንቋ ነው። መደበኛው ሲ ጽሑፍን በተከታታይ ከማውጣት በቀር ስክሪን የሚያጸዳ፣ ጠቋሚን የሚያንቀሳቅስ ወይም ቀለም የሚቀይር ፋንክሽን የለውም። እነዚህ ሥራዎች በኮምፒውተሩ ዓይነት ይወሰናሉ።

አይቢኤም የግል ኮምፒውተሩን በነሐሴ 1981 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቀረበ። የስክሪን ካርዶቹ በየጊዜው ተሻሻሉ፦ ሲጂኤ በ1981፣ ሄርኩለስ በ1982፣ ኢጂኤ በ1984፣ ቪጂኤ በ1987 እ.ኤ.አ. ወጡ። የአንዱ ካርድ አሠራር ከሌላው ስለሚለይ ፕሮግራም ጸሐፊው እያንዳንዱን ማወቅ ነበረበት።

የጽሑፍ ሞድ

በተለመደው የጽሑፍ ሞድ ስክሪኑ 80 ዓምድና 25 ረድፍ፣ በድምሩ 2000 ቦታ አለው። እያንዳንዱ ቦታ ሁለት ባይት ይይዛል፤ አንዱ የቁምፊው ቁጥር ሲሆን ሌላው የቀለሙ ነው። ስለዚህ ሙሉው ስክሪን 4000 ባይት ብቻ ነው።

በባለቀለም ካርዶች ይህ ማኅደረ ትውስታ ከአድራሻ 753,664 ይጀምራል። ረድፍና ዓምድ ከዜሮ ሲቆጠሩ የአንድ ቦታ አድራሻ እንዲህ ይሰላል፦

አድራሻ = 753,664 + (ረድፍ × 80 + ዓምድ) × 2

ለምሳሌ ረድፍ 12፣ ዓምድ 40 አድራሻው 755,664 ነው። እዚያ ላይ 65 ቢጻፍ የላቲኑ ትልቁ «ኤ» ይታያል። በሚቀጥለው ባይት 30 ቢጻፍ ፊደሉ ቢጫ፣ መደቡ ሰማያዊ ይሆናል፤ ቢጫ 14፣ ሰማያዊ 1 ስለሆነና የመደቡ ቁጥር በ16 ስለሚባዛ 14 + 16 = 30 ይመጣል።

ሲ በፖይንተር አማካይነት ወደ ማኅደረ ትውስታ በቀጥታ እንዲጻፍ ስለሚፈቅድ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነበር። ሁለተኛው መንገድ የባዮስን የስክሪን አገልግሎት በኢንተረፕት ቁጥር 16 መጥራት ነው። ይህ በተለያዩ ካርዶች ላይ የመሥራት ዕድሉ ሰፊ ቢሆንም ዘገምተኛ ነው።

የግራፊክስ ሞድ

በግራፊክስ ሞድ የሥራው መለኪያ ቁምፊ ሳይሆን ነጥብ (ፒክስል) ነው። ሲጂኤ 320 በ200 ነጥብ በ4 ቀለም፣ ቪጂኤ ደግሞ 640 በ480 ነጥብ በ16 ቀለም ያሳያል።

ለመማር ቀላሉ የቪጂኤ ሞድ 19 ነበር፤ 320 በ200 ነጥብ፣ 256 ቀለም። አንድ ነጥብ አንድ ባይት ስለሆነ ሙሉው ስክሪን 64,000 ባይት ይፈጃል። የዘመኑ ፕሮሰሰር በአንድ ጊዜ በሚያየው የ65,536 ባይት ክፍል ውስጥም ይገባል። የነጥቡ ቦታ «ረድፍ × 320 + ዓምድ» ብቻ ነው። የ640 በ480ው ሞድ ግን 153,600 ባይት ስለሚፈልግ በአራት ንብርብር ተከፍሎ ይያዛል፤ ፕሮግራሙም ይከብዳል።

የቦርላንድ ላይብረሪ

ቦርላንድ በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው ቱርቦ ሲ ሥራውን አቀለለ። ስክሪን የሚያጸዳ፣ ጠቋሚን ወደተፈለገው ዓምድና ረድፍ የሚወስድና የፊደል ቀለም የሚቀይር ፋንክሽን ነበረው። ቆይቶ የተጨመረው ቢጂአይ የተባለው የግራፊክስ ላይብረሪ ካርዱን ራሱ ለይቶ ያውቃል፤ ነጥብ፣ መስመር፣ ክብና አራት ማዕዘንም ይስላል። የካርዱ ነጂ ፋይል ከፕሮግራሙ ጋር ከሌለ ግን ግራፊክሱ አይነሳም።

የግዕዝ ፊደል ችግር

በጽሑፍ ሞድ አንድ ቁምፊ በአንድ ባይት ስለሚወከል ሊኖሩ የሚችሉት 256 ብቻ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ 128 ለላቲን ፊደላት፣ ለቁጥሮችና ለመቆጣጠሪያ ምልክቶች የተያዙ ናቸው። የአማርኛ መሠረታዊ ፊደላት ግን 33 በ7 ተባዝተው 231 ይሆናሉ፤ ዲቃላዎቹ፣ የግዕዝ አኃዞችና ሥርዓተ ነጥቦች ሲጨመሩ ከ256 ያልፋሉ። ተመሳሳይ ችግር የአማርኛ የጽሕፈት መኪና የሠሩትን ኢንጂነር አያና ብሩንም ቀደም ሲል ገጥሟቸው ነበር፤ ከ200 በላይ ፊደላት በጥቂት ቁልፎች ላይ ማስፈር ነበረባቸው።

በኮምፒውተር ሁለት ዋና መፍትሔዎች ነበሩ።

አንደኛው የካርዱን ፊደላት መተካት ነው። ኢጂኤና ቪጂኤ ፕሮግራሙ ያዘጋጀውን ቅርጽ ተቀብለው በአንድ ጊዜ እስከ 512 ቁምፊ ያሳያሉ። በምትኩ የፊደል ቀለማት ከ16 ወደ 8 ይወርዳሉ። የቦታው ጥበትም ያስቸግራል። ቁምፊው በ8 ነጥብ ወርድ ሲሳል፣ እንደ «ጠ» እና «ሐ» ያለ ባለሦስት እግር ፊደል ለእግሮቹና ለሁለቱ ክፍተቶች ብቻ 5 ነጥብ ይወስዳል፤ ለ«ሔ» ቀለበት የሚተርፈው 3 ብቻ ነው።

ሁለተኛው በግራፊክስ ሞድ እያንዳንዱን ፊደል በነጥብ መሳል ነው። ፊደሉ በ16 በ16 መረብ ላይ ከተሳለ፣ እያንዳንዱ ረድፍ ሁለት ባይት ስለሆነ ሙሉው ፊደል 32 ባይት ይይዛል። «ይፋግ» የሚለው ቃል 96 ባይት ይሆናል ማለት ነው። ፕሮግራሙ ቢቶቹን አንድ በአንድ እያየ 1 ባገኘበት ነጥብ ያበራል፣ 0 ባገኘበት ያልፋል። ቅርጹ ይጠራል፤ ነገር ግን በ640 በ480 ስክሪን በአንድ መስመር የሚገባው 40 ፊደል ብቻ ነው። ጠቋሚውን ማሳየትና ገጹን ማንሸራተትም የፕሮግራሙ ኃላፊነት ይሆናል።

ውጤቱ

ከመጀመሪያዎቹ የግዕዝ ፊደል ሶፍትዌሮች መካከል ፍስሃ አትላው በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ያዘጋጀው «ዳሸን» ይጠቀሳል። የተለያዩ አዘጋጆች ለፊደላቱ የየራሳቸውን ቁጥር ስለሰጡ በአንዱ የተጻፈ ሰነድ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆን ነበር። በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ያቀረቡት «ሴራ» ግዕዝን በላቲን ቁምፊዎች በመወከል ጽሑፍ እንዲለዋወጡበት አስችሏል።

ዘላቂው መፍትሔ በመስከረም 1999 እ.ኤ.አ. መጣ። ዩኒኮድ ስሪት 3.0 ለ345 የግዕዝ ቁምፊዎች ከ4608 እስከ 4991 ባለው ክልል ውስጥ ቋሚ ቁጥር ሰጠ። ዛሬ «ይ» 4845፣ «ፋ» 4939፣ «ግ» 4877 ነው፤ በየትኛውም ዩኒኮድን በሚከተል ኮምፒውተር ላይ አይለወጥም። ከዚያ በፊት የተጻፉ ሰነዶች ግን የየሶፍትዌራቸው የቁጥር ሰንጠረዥ ካልተገኘ ወደ ዩኒኮድ ለመመለስ አስቸጋሪ ናቸው።

ዛሬ

ባለ64 ቢት ዊንዶውስ የዶስ ፕሮግራሞችን በቀጥታ አያስነሳም፤ ስክሪኑን የሚቆጣጠረውም ስርዓተ ክወናው ስለሆነ ፕሮግራሞች ወደ አድራሻ 753,664 መጻፍ አይችሉም። ዘዴውን መሞከር የሚፈልግ ተማሪ ዶስቦክስ በተባለው አስመሳይ ሶፍትዌር ቱርቦ ሲን ማስነሳት ይችላል።