ከመቃብሩ ድንጋይ በስተጀርባ የቆመው ፈረሰኛ

በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው በሊድስ ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲው ቅጥር ግቢ መካከል፣ ዛፍና ሣር የሸፈነው ሰፊ ሜዳ አለ። ይህ ሜዳ ከ1835 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የከተማይቱ ትልቅ የመቃብር ሥፍራ ነበር። ዩኒቨርሲቲው በ1960ዎቹ ሥፍራውን ሲረከብ ከመቃብር ድንጋዮቹ ብዙዎቹ ተነሡ፤ መሬቱም ተስተካክሎ መናፈሻ ሆነ። ሳይነሡ ከቀሩት መካከል ሱዛና ዳርቢ የተባለች ሴት ትልቅ የመቃብር ድንጋይና ከፊቱ የቆመ አነስተኛ መታሰቢያ ይገኛሉ። አነስተኛው የባሏ ነው። ባልየው በልደት ስሙ ዊልያም ዳርቢ ሲሆን፣ ሕዝብ የሚያውቀው ፓብሎ ፋንክ በሚለው የመድረክ ስሙ ነበር። በብሪታንያ ምድር የራሱን ሰርከስ አቋቁሞ የመራ የመጀመሪያው ጥቁር ከያኒ እርሱ ነው።

የመቃብር ድንጋይ ለታሪክ ተመራማሪ ንፉግ ምስክር ነው። ስምና ቀን ሰጥቶ ዝም ይላል። ስለሆነም ዳርቢን የሚፈልግ ሰው ከድንጋዩ ተነሥቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ ወደ ሕዝብ ቆጠራ፣ ወደ አሮጌ ጋዜጦችና በየግድግዳው ይለጠፉ ወደነበሩት የትርዒት ማስታወቂያዎች መሄድ ግድ ይሆንበታል። የአዝማሪዎቻችንን ሕይወት ለመጻፍ የሞከረ ሁሉ ይህን ድካም ያውቀዋል፤ ሺህ ሰው ያጨበጨበለት ጥበብ ከጭብጨባው ጋር በንኖ ይጠፋልና።

ችግሩ ከዕድሜው ይጀምራል። ሲሞት የተመዘገበለት ዕድሜ 75 ስለነበረ፣ ታሪኩን የጻፉት ሰዎች ለረጅም ጊዜ የተወለደው በ1796 ነው ሲሉ ኖረዋል። ኋላ የተመረመሩት ሰነዶች ግን ልደቱን ወደ 1810 ያመጡታል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ነገሩን ከሁሉ ይልቅ የሚፈታው የትርዒት ማስታወቂያ ነው። ዳርቢ በሕዝብ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ መታየቱ የሚታወቀው በታኅሣሥ 1821 በትውልድ ከተማው በኖርዊች፣ በዊልያም ባቲ ሰርከስ ውስጥ ሲሆን፣ የተጠራውም «ወጣቱ ዳርቢ» ተብሎ ነበር። በ1796 የተወለደ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ 25 ዓመቱ ነው፤ በዚያ ዘመን ሰርከስ 25 ዓመት የሞላው ሰው ልምድ ያካበተ ጎልማሳ እንጂ በወጣትነቱ የሚተዋወቅ ጀማሪ አይደለም። በ1810 ከተወለደ ግን የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው፤ ለጌታው በተለማማጅነት የሚሰጥበት ትክክለኛው ዕድሜ።

ተለማማጅነቱ ቀላል አልነበረም። ዘመናዊው ሰርከስ ፊሊፕ አስትሊ የተባለው የቀድሞ ፈረሰኛ ወታደር በ1768 በለንደን ከከፈተው የግልቢያ ሜዳ የመነጨ ነው። የክቡ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 13 ሜትር ያህል ሆኖ እንዲቀር ያደረገው የፈረሱ ተፈጥሮ ነው፤ በዚህ ልክ በሚጋልብ ፈረስ ጀርባ ላይ የቆመ ሰው ወደ ውስጥ ዘንበል ሲል የዙሩ ኃይል ይዞት ሳይወድቅ ይቆማል። ልጁ ዳርቢ ይህን ተማረ፤ በገመድ ላይ መራመድንና መገለባበጥንም ጨመረበት። ከሁሉ በላይ ግን ፈረስ ማሠልጠንን ተካነ። በ1841 ከባቲ ተለይቶ በሁለት ፈረሶች ብቻ የራሱን ሥራ ጀመረ። ስድስት ዓመት ሳይሞላም፣ በ1847፣ በአስትሊ ስም በሚጠራው የለንደን ትርዒት ቤት ቀረበ። ኢለስትሬትድ ለንደን ኒውስ የተባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ቤዳ ስለምትባለው ጥቁር ባዝራው በአድናቆት ጻፈ፤ ባዝራዋ የሙዚቃውን ምት ጠብቃ እርምጃዋን ትለዋውጥ ነበር።

ስለ ሰውየው ጠባይ የምናገኘው ከወዳጁ ከታዋቂው አሣቂ ከዊልያም ዋሌት ነው። ዋሌት በ1870 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ውስጥ ፋንክ ዓሣ በማጥመድ አቻ እንዳልነበረው ይተርካል። በኦክስፎርድ ሳሉ እርሱ ብቻውን የሚያጠምደው ዓሣ አካባቢው ያሉ አጥማጆች ሁሉ ተደምረው ከሚያጠምዱት ይበልጥ ነበር። ታዲያ አንድ ማለዳ ዋሌት በመስኮት ሲመለከት፣ ከዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች አንዱ ፊቱን ጥላሸት ተቀብቶ ወንዙ ዳር ተቀምጧል፤ የፋንክ ዕድል ከቆዳው ቀለም የመጣ መስሎታል ማለት ነው። ዋሌት ይህን ለሣቅ ብሎ ነው የጻፈው። ለእኛ ግን ከሣቁ በስተጀርባ ያለው ነገር ይታየናል፦ የተማረው ወጣት ችሎታን ፊት ለፊት እያየ ከእጅ ይልቅ ከቆዳ መፈለጉ። በ1905 የሰርከስ ሰዎች ካህን የነበረው ቶማስ ሆርን ስለ ፋንክ ሲያነሣ፣ በፈረሰኞች ዓለም የቀለም ድንበር የለም፣ መለኪያው ችሎታ ብቻ ነው የሚል ምስክርነት ሰጥቷል። ምስክርነቱ ቅን ነው፤ ሆኖም ከክቡ ሜዳ ውጭ ያለውን ዓለም አይጨምርም።

ሱዛና የበርሚንግሃም ቁልፍ ሠሪ ልጅ ነበረች፤ የልብስ ቁልፍ ማለቴ ነው። መጋቢት 18 ቀን 1848 የፋንክ ሰርከስ በሊድስ፣ ኪንግ ቻርልስ ክሮፍት በሚባለው ሥፍራ በቆመ የእንጨት አዳራሽ ውስጥ ያሳይ ነበር። የዚያ ምሽት ገቢ ለዋሌት የተወሰነ ነበር። በዘመኑ ልማድ አንድ ከያኒ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ በስሙ የሚዘጋጅ ምሽት ይሰጠዋል፤ ወጪ ተቀንሶ የቀረውን እርሱ ይወስዳል። ስለዚህም በዚያ ሌሊት ሕዝቡ በብዛት መጥቶ ነበር። የእንጨቱ መቀመጫ የሕዝቡን ክብደት መሸከም አቃተውና ተደረመሰ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ተመልካቾች አብረው ወደቁ። ሱዛናና የዋሌት ሚስት ከሥር በመግቢያው በኩል ነበሩ። የዋሌት ሚስት ቆስላ ተረፈች። በሱዛና የጭንቅላት ኋላና ማጅራት ላይ ግን ከባድ ሳንቃዎች ወደቁባት፤ እዚያው ሞተች። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል የሞተችው እርሷ ብቻ ናት። ሰው በፍርስራሹ ውስጥ ሲራወጥም አንድ ሌባ ከ50 ፓውንድ በላይ የያዘውን የገንዘብ ሣጥን ይዞ ተሰወረ።

በየከተማው በጥድፊያ የሚቆሙት የእንጨት አዳራሾች አደጋ አዲስ ነገር አልነበረም። ባለ ትርዒቱ ለአንድ ወቅት የሚሆን ቤት ይሻል፤ እንጨት ርካሽ ነው፤ የተመልካቹ ቁጥር ግን ከሳንቃው አቅም ጋር አይመካከርም።

ፋንክ በዚያው ዓመት ሰኔ ኤሊዛቤት ኮርከር የተባለች የሰርከስ ፈረሰኛ አገባ። በሦስት ወር ውስጥ መሆኑ አንዳንዱን አንባቢ ቅር ሊያሰኝ ይችላል፤ የሰርከስ ቤተሰብ ግን ቤትም የሥራ ቡድንም ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን ከከተማ ወደ ከተማ ጉዞ ነው። በ1857 በብራድፎርድ፣ ለሟቹ አሣቂ ለቶም ባሪ ቤተሰብ መርጃ የሚሆን ምሽት አዘጋጀ። በ1859 ራሱ ከሠረ፤ ቢሆንም ሥራውን አልተወም። ግንቦት 4 ቀን 1871 በስቶክፖርት፣ በአንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ሞተ። አስከሬኑ ወደ ሊድስ ተወሰደ። የሙዚቃ ጓድ ሃንድል ለሳኦል የደረሰውን የሐዘን ሰልፍ እየተጫወተ ከፊት ሄደ፤ የሚወደው ፈረሱም የሐዘን ልብስ ተደርቦበት ከቀባሪዎቹ ጋር ተጓዘ። ከሞተች 23 ዓመት በሆናት በሱዛና አጠገብ ተቀበረ።

ከዚያ በኋላ ስሙ ከብዙ ሰው አንደበት ጠፋ። የመለሰው ወረቀት ነው። የቢትልስ ባልደረባ ጆን ሌነን በጥር 1967 በኬንት አውራጃ፣ በሰቨንኦክስ ከተማ ከአንድ የአሮጌ ዕቃ መደብር የገዛው የሰርከስ ማስታወቂያ፣ የፋንክ ቡድን የካቲት 14 ቀን 1843 በሮችዴል ከተማ የሚያቀርበውን ትርዒት ይናገራል። ያም ምሽት ገቢው ለከያኒ የሚውል ነበር፤ ተጠቃሚዎቹም ካይትና ሄንደርሰን ናቸው። ሌነን ከዚህ ማስታወቂያ የሠራው ዘፈን በዚያው ዓመት በወጣው ሰርጀንት ፔፐር በተባለው አልበም ውስጥ ገባ። ገጣሚ ነውና እንደ ልቡ ለወጠው፦ ዛንቱስ የተባለውን ፈረስ ሄንሪ አለው፤ ትርዒቱን ከሮችዴል አንሥቶ ወደ ለንደን ቢሾፕስጌት ወሰደው። ካይትም ከሌላ ሰርከስ የመጣ መሆኑን ማስታወቂያው ሲናገር፣ ዘፈኑ ከፋንክ ቤት የወጡት ሄንደርሰኖች ናቸው ይላል። ዘፈኑን የሚያውቁ ሚሊዮኖች የፋንክን ስም አብረው ይጠሩታል፤ ስሙ ግን በዚያ ዘፈን ውስጥ የሌሎች ከያኒዎች መነሻ ሆኖ ብቻ ያልፋል። ቤዳና የሊድሱ ሳንቃ በዘፈኑ ውስጥ የሉም።