ስህተትን ማንበብ፦ የአንድ ቫልቭ አምፕሊፋየር ታሪክ



የታሪክ መምህር የብየዳ ካውያና ቴስተር ይዞ ምን ይሠራል የሚል ጥያቄ ከብዙዎቻችሁ ሰምቻለሁ። የዛሬው ንግግሬ ለዚህ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ነው። ርእሴ በቤት ውስጥ የተሠራ የቫልቭ ጊታር አምፕሊፋየር ነው። ለማስረዳት የምሞክረውም እንዲህ ያለው ዕቃ የታሪክ ሰነድ መሆኑን፣ ሰነዱም ከሁሉ ይልቅ የሚነበበው ሲበላሽ መሆኑን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአሜሪካው ፌንደር ኩባንያ በ1950ዎቹ መጨረሻ ይሠራበት የነበረውን፣ 5ኤፍ1 በሚል መለያ የሚታወቀውን የ«ቻምፕ» አምፕሊፋየር ንድፍ ተከትዬ አንድ ሠራሁ። ንድፉ ያሉት ሦስት ቫልቮች ብቻ ናቸው። 12ኤኤክስ7 የተባለው የጊታሩን ደካማ ሲግናል በሁለት ደረጃ ያሳድጋል፤ 6ቪ6 ስፒከሩን የሚነዳውን ኃይል ይሰጣል፤ 5ዋይ3 ደግሞ ተለዋዋጩን ኤሌክትሪክ ወደ ቀጥተኛ ይለውጣል። የሚወጣው ኃይል 5 ዋት ያህል ቢሆን ነው። በውስጡ ግን ከ300 ቮልት በላይ ይመላለሳል፤ ካፓሲተሮቹም ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ሳይቀር ይህን ኃይል አምቀው ይይዛሉ። ስለዚህ እጄን ከማስገባቴ በፊት በሬዚስተር አፈስሰዋለሁ፤ መፍሰሱንም በቴስተር አረጋግጣለሁ። ከእናንተ መካከል ይህን ሥራ የሚሞክር ቢኖር ከዚህ ሥርዓት አንድም ቀን እንዳያጎድል አደራ እላለሁ።

አምፕሊፋየሩ የተከፈተ ዕለት ጮኸ። ጊታር ሳይሰካበት፣ ማንም ሳይነካው፣ ጆሮ የሚበሳ ፉጨት አወጣ። ቫልቮቹን ቀየርኩ፤ ብየዳዎቹን ደገምኩ፤ ቮልቴጆቹን ለካሁ። ሁሉም ልክ ነበር። አንድ ሳምንት ከደከምኩ በኋላ በሰፈራችን የድሮ ራዲዮ ይጠግኑ ወደነበሩ አንድ አዛውንት ወሰድኩት። ለጥቂት ጊዜ አዳመጡና ንድፉን እንኳ ሳይጠይቁኝ፣ «ልጄ፣ ዕቃው አልተበላሸም፤ ራሱን እየሰማ ነው። የምትመልሰው ሽቦ አለ አይደል? እሱን ፍታው» አሉኝ። ከስፒከሩ ወደ መጀመሪያው ቫልቭ የምትመለሰውን ባለ22,000 ኦም ሬዚስተር አንድ እግሯን ፈታሁ። ፉጨቱ ጠፋ። ከውጤት ትራንስፎርመሩ የሚወጡትን ሁለት ሽቦዎች አቀያይሬ ሬዚስተሯን በቦታዋ ስመልስ አምፕሊፋየሩ ዝም አለ፤ ጊታሩም ዘፈነ።

ያቺ ሬዚስተር ከመውጫው ጥቂቱን ወስዳ፣ ከመግቢያው ጋር በሚቃረን አቅጣጫ የምትመልስ ናት። እኔ ሽቦዎቹን ስገለብጥ ግን መቀነስ የነበረበት ተደመረ፤ ድምፁም በራሱ ላይ እየተጨመረ ፉጨት ሆነ። የመሐንዲሱ ጉዳይ እዚህ ላይ ያበቃል። የታሪክ ተማሪው ጥያቄ ግን ከዚህ ይጀምራል፦ ሬዚስተሯን እዚያ ማን አስቀመጣት? ስለ ምን?

መልሱ የሚገኘው በሙዚቃ ቤት ሳይሆን በስልክ መሥመር ላይ ነው። ሊ ዲ ፎረስት ሦስት ክፍል ያለውን ቫልቭ በ1906 ሲሠራ የአሠራሩን ምሥጢር በትክክል አልተረዳውም ነበር፤ ከዓመታት በኋላ አጥርቶ ያስረዳው ኤድዊን አርምስትሮንግ ነው። የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ መብቱን ገዝቶ ቫልቩን አሻሻለ፤ በ1915ም ኒው ዮርክንና ሳን ፍራንሲስኮን በስልክ አገናኘ። ሆኖም በመሥመሩ ላይ የተተከለው እያንዳንዱ አምፕሊፋየር ድምፁን ሲያጎላ በጥቂቱ ያዛባው ነበር፤ አምፕሊፋየሮቹ በበዙ ቁጥር መዛባቱ ይከማቻል። የቤል ቤተ ሙከራዎች መሐንዲስ ሃሮልድ ብላክ በ1927 ነሐሴ ወር መጀመሪያ፣ ጠዋት በጀልባ የሃድሰንን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ሥራ ሲሄድ መፍትሔው ታየውና በያዘው ጋዜጣ ላይ ጻፈው። ሐሳቡ ከጉልበት ቀንሶ ታማኝነትን መግዛት ነበር። እኛ ዛሬ አሉታዊ ግብረ መልስ የምንለው ይህንን ነው። የፈጠራ ባለቤትነቱን ያገኘው ግን በ1937 ነው። የእኔዋ ሬዚስተር የዚያች ጠዋት ልጅ ናት።

ይህ እውቀት ከስልክ ወደ ጊታር የተሻገረባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው፤ ከእነዚህ አንዱ የጥገና ሱቅ ነው። ሊዮ ፌንደር የሒሳብ ሠራተኛ ነበር፤ ሥራውን ሲያጣ በ1938 በካሊፎርኒያ ፉለርተን ከተማ የራዲዮ መጠገኛ ከፈተ። ጊታር መጫወት አይችልም ነበር። ዕቃ በየት በኩል እንደሚሸነፍ ግን በየቀኑ ይከፍትና ያይ ነበር። በ1945 ከአንድ ባልደረባው ጋር አምፕሊፋየር መሥራት ሲጀምር ይዞት የገባው ይህንን እውቀት ነው።

በ1950ዎቹ ከተሠሩት አምፕሊፋየሮቹ አንዱን ከኋላ ብትከፍቱት የሳጥኑ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ታገኛላችሁ። በወረቀቱ ላይ የቫልቮቹ ስምና ቦታ ይገኛል፤ የኤቲ ኤንድ ቲና የዌስተርን ኤሌክትሪክ ኩባንያዎች የፈጠራ መብት በፈቃድ መሠራቱም ይገለጻል። የስልኩ የዘር ሐረግ እዚያው ተመዝግቧል ማለት ነው። ብዙዎቹ ላይ የተሠሩበትን ዓመትና ወር የሚያመለክቱ ሁለት ፊደላት ታትመዋል። በአንዳንዶቹም ውስጥ ብየዳውን የሠራችው ሴት ስሟን የጻፈችበት ቁራጭ የወረቀት ፕላስተር ይገኛል። የኩባንያው ታሪክ የመሥራቹን ስም ይነግረናል፤ የሴቶቹን ስም ያቆየልን ግን ሳጥኑ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ቅጂ ነው። በ1962 በምዕራብ ለንደን፣ ሃንዌል በሚገኘው የከበሮ መምህሩ የጂም ማርሻል ሱቅ ኬን ብራንና ደድሊ ክሬቨን የፌንደርን «ቤዝማን» አምፕሊፋየር ከሞላ ጎደል እንዳለ ገለበጡት። ንድፉ አንድ ሲሆን ክፍሎቹ ግን በእንግሊዝ ገበያ የተገኙ ነበሩ፤ በባለ10 ኢንች ስፒከሮች ፈንታ ባለ12 ኢንች ገባ፤ የኃይል ቫልቮቹም ከጊዜ በኋላ በእንግሊዙ ኬቲ66 ተተኩ። ድምፁ ሌላ ሆነ። በብራና መጻሕፍት ላይ የምትሠሩ ባልደረቦቼ ይህን ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ፦ የቅጂዎችን ዝምድና የምትለዩት ጸሐፊው በትክክል በገለበጠው ሳይሆን በለወጠው ወይም በሳተው ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ብላክ ዕድሜውን የሰጠለትን ጠላት ሙዚቀኞቹ ወዳጅ ማድረጋቸው ነው። በ1964 የኪንክስ ቡድን ጊታሪስት ዴቭ ዴቪስ ድምፁ እንዲሻክር ብሎ የትንሽ አምፕሊፋየሩን ስፒከር በምላጭ ተለተለው። ለስልክ መሐንዲሱ መዛባት ማለት የጠፋ ቃል ነው፤ ለጊታሪስቱ ግን የተገኘ ድምፅ ሆነ። ስለዚህ በሰነድ ላይ «ብልሽት» የሚል ቃል ስታነቡ፣ ለማን ሥራና ለየትኛው ዓላማ ብልሽት እንደሆነ ጠይቁ።

ወደ ራሴ ጠረጴዛ ልመለስ። ፉጨቱ ከጠፋ በኋላ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ቀርቶ ነበር። የአሜሪካ መጻሕፍት በሴኮንድ 60 ወይም 120 ንዝረት ፈልጉ ይላሉ፤ የእኛ ኤሌክትሪክ ግን 50 ስለሆነ መፈለግ ያለበት 50 ወይም 100 ነው። የእኔው 100 ነበር፤ የመጀመሪያው ቫልቭ ሲነቀልም አልጠፋም። ስለዚህ ጥፋቱን በኃይል ማጣሪያው ካፓሲተር ላይ ፈለግሁ፤ ስቀይረውም ጉርምርምታው ረገበ። የሌላ አገር ሰነድ የሚያነብ ሰው ቁጥሮቹን ከራሱ አገር ጋር ማስማማት አለበት፤ ይህን ትምህርት ከዚያ በፊት በንድፈ ሐሳብ ብቻ ነበር የማውቀው።

በመጨረሻ አንድ ጥፋቴን ልናዘዝ። እኒያን አዛውንት አመስግኜ ስወጣ ሙያውን ከማን እንደተማሩ፣ የትኞቹን ራዲዮዎች እንደጠገኑ፣ «ራሱን እየሰማ ነው» የሚለውን አነጋገር ከየት እንዳገኙት አልጠየቅኋቸውም። በሌላ ጊዜ ልጠይቃቸው ስሄድ ሱቁ ተዘግቶ ነበር፤ የት እንደገቡ የሚነግረኝም አላገኘሁም። በአሜሪካ ስለተሠራ አንድ ሳጥን ይህን ያህል ልነግራችሁ ችያለሁ፤ በገዛ ሰፈሬ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ራዲዮ ስለጠገነ ሰው ግን ያለኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ካላችሁ፣ በየሰፈራችሁ ገና ያልተዘጉ እንዲህ ያሉ ሱቆች አሉ። መቅረጫ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስማቸውንም ጻፉ።