‹‹ዜጋ ነህ?›› ብሎ የሚጠይቀው ማነው?

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው ለመራጭነት የሚመዘገበው መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ በሄደበት መስኮት ነው፡፡ እዚያ መስኮት ላይ ደግሞ አንድ አጭር ጥያቄ አለች፤ ‹‹ዜጋ ነህ?›› የምትል፡፡ ጥያቄዋን የሚመልሰው ማን እንደሆነ ባለፉት 30 ዓመታት ተቀይሯል፡፡ ለውጡ ዲሲና ቨርጂኒያ ያለውን ዘመዳችንንም ይነካዋልና እስኪ ታሪኩን እንየው፡፡ (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ነገሩ የሚጀምረው በ1993 ነው፡፡ ያን ዓመት ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙትና ‹‹ሞተር ቮተር›› የሚል ቅጽል የወጣለት ሕግ፣ መንጃ ፈቃድ የሚሰጡ ቢሮዎች መራጭም እንዲመዘግቡ አዘዘ፡፡ ማረጋገጫው የአመልካቹ ቃል ነበር፡፡ ‹‹ዜጋ ነኝ›› ብሎ ይፈርማል፤ ከዋሸ በሕግ ይጠየቃል፡፡ አሪዞና ‹‹ፊርማ አይበቃም፣ ሰነድ ይምጣ›› ብትልም፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 በፌዴራሉ ቅጽ ላይ ይህን መጨመር እንደማትችል ወሰነ፡፡

ኦሪገን በ2015 ነገሩን ገለበጠችው፡፡ አገረ ገዥዋ ኬት ብራውን በፈረሙት ሕግ መዝጋቢው መንግሥት ራሱ ሆነ፡፡ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ የአሜሪካ ፓስፖርት ወይም የልደት ሰርተፊኬት ያሳየ ሰው ስሙ ወደ ምርጫ ቢሮ ይተላለፋል፡፡ ከዚያ ደብዳቤ በፖስታ ይላክለታል፤ አልፈልግም ካለ የ21 ቀን ጊዜ አለው፡፡ ዝም ካለ ተመዘገበ ማለት ነው፡፡ ብዙ ግዛቶችም ተከተሏት፡፡

ልብ በሉ! ዜግነትን የሚያረጋግጠው አሁን አመልካቹ ሳይሆን የመስኮቱ ሠራተኛ ነው፡፡ ሰነዱን አይቶ ኮምፒውተሩ ላይ ዓይነቱን ይመርጣል፡፡ አንድ መስመር ከሳተ የውጭ አገር ፓስፖርት የአሜሪካ ሆኖ ይመዘገባል፡፡

ይህም ደረሰ፡፡ በ2018 ካሊፎርኒያ 1,500 ገደማ ሰዎች፣ ዜጋ ያልሆኑ ጭምር፣ በስህተት መመዝገባቸውን አመነች፡፡ በ2024 ደግሞ ኦሪገን ከ1,200 በላይ ዜግነታቸው ያልተረጋገጠ ሰዎችን መዝግባ ተገኘች፡፡ ድምፅ የሰጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፡፡ አገረ ገዥዋ ምዝገባው ለጊዜው እንዲቆም አዘዙ፡፡

‹‹በሚሊዮኖች መሀል ይህ ምን አላት?›› ይባል ይሆናል፡፡ ለምርጫው ውጤት እውነት ነው፡፡ ለስደተኛው ግን አይደለም፡፡ በ1996 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ሳይፈቀድለት ድምፅ የሰጠን የውጭ ዜጋ ከአገር እስከማባረር ይደርሳል፡፡ የዜግነት ማመልከቻውም ‹‹ለመራጭነት ተመዝግበህ ታውቃለህ?›› ብሎ ይጠይቃል፡፡ እንግዲህ ባለ ግሪን ካርዱ ሰው ባልጠየቀው ምዝገባ መልስ ሊሰጥ ነው፡፡ ጥፋቱ የጸሐፊው፣ ጭንቀቱ የእሱ!

ታዲያ ወደ ድሮው እንመለስ? እኔ አልልም፡፡ አውቶማቲክ ምዝገባ በወረቀት ብዛት የሚቀሩትን ዜጎች ወደ ሳጥኑ አቅርቧል፡፡ ነገር ግን የማረጋገጥን ሥራ ከዜጋው የተረከበ መንግሥት የስህተቱንም ዕዳ አብሮ ይረከብ፡፡ ሰነዱን ሁለተኛ ሰው ይየው፤ በቢሮ ስህተት የተመዘገበም አይቀጣ፡፡

እስከዚያው ዜግነት ሳትይዙ የመራጭነት ካርድ በፖስታ የመጣላችሁ ወገኖች፣ አትምረጡበት፡፡ እንዲሰረዝ በጽሑፍ አመልክቱ፤ የደብዳቤውንም ቅጂ እንደ ዓይናችሁ ብሌን ጠብቁ፡፡