ድምፅ አልባው ተኩስ

እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1894 ዝነኛዋ አልሞ ተኳሽ አኒ ኦክሌይ፣ ኒው ጀርሲ በሚገኘው የቶማስ ኤዲሰን ስቱዲዮ ካሜራ ፊት ቆመች። «ብላክ ማሪያ» የተባለው ይህ ጥቁር ቤት ጣሪያው ለፀሐይ ይከፈት፣ ብርሃኑንም ተከትሎ ይዞር ነበር።

አኒ በኦሃዮ ገጠር አባቷን በልጅነቷ ያጣች ድኻ አደግ ናት። ጠመንጃ ያነሣችው ለጭብጨባ ሳይሆን ቤተሰቧን በአደን ለመመገብ ነበር። እጅግ አጭሩ ፊልም ይህን አይናገርም። አንድ ሰው ወደ ላይ የሚወረውራቸውን ኳሶች ታነጣጥራለች፤ ጭሱ ይታያል፣ ድምፁ አይሰማም። ሺዎች ያጨበጨቡላትን ሴት፣ ተመልካች በኪኔቶስኮፕ ሣጥን ቀዳዳ አጎንብሶ ብቻውን ያያት ነበር።

አኒ በ1926 አረፈች። የተኩሷ ጩኸት አብሯት ሄደ፤ ለእኛ የቀረልን ችግር ያስተማረው፣ የማይንቀጠቀጠው እጅ ነው።