የኦኩፔሽናል ቴራፒ ተማሪ የመጀመሪያ የመስክ ልምምድ

ኦኩፔሽናል ቴራፒ በሕመም፣ በአደጋ ወይም በተፈጥሮ ጉዳት የደረሰበት ሰው መልበስን፣ መታጠብን፣ መብላትንና መሥራትን የመሰሉ የዕለት ተግባሮቹን እንዲያከናውን የሚያግዝ የጤና ሙያ ነው። ብዙ ጊዜ ከፊዚዮቴራፒ ጋር ይምታታል። ነገሩን ትንሽ ለማቃለል ያህል፣ ፊዚዮቴራፒስቱ ክንዱ እንዲንቀሳቀስ ሲጥር ኦኩፔሽናል ቴራፒስቱ ታማሚው በዚያ ክንድ ምን መሥራት እንደሚፈልግ ይጠይቃል።

በአገራችን ሙያውን በመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማር የጀመረው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ፕሮግራሙ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በትብብር የተቀረጸ ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 የተመሠረተው የዓለም ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽን ተማሪው ቢያንስ 1,000 ሰዓት የመስክ ልምምድ እንዲያደርግ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ምዕራፍ ግን ሕክምና መስጫ አይደለም። ተማሪው በባለሙያ ሥር ሆኖ ያያል፣ ይጠይቃል፣ ማስታወሻ ይይዛል።

ማየት ቀላል ይመስላል፤ ሐረርን ለምሳሌ እንውሰድ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ በሆነው በሕይወት ፋና ሆስፒታል በስትሮክ ቀኝ ጎናቸው የደከመ አንዲት እናት ተኝተዋል እንበል። በዋርዱ ለስላሳ ወለል ላይ በከዘራ ይራመዳሉ፤ መዝገባቸውም "ተሽሏቸዋል" ይላል። ቤታቸው ግን ጀጎል ውስጥ ነው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ ጠባብና ድንጋያማ ሲሆን፣ በባህላዊው የሐረሪ ቤት ውስጥ የሚቀመጡትም ከፍታው በተለያየው ነደባ ላይ ነው። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑ ደረጃውን አፍርሱት ብሎ ማዘዝ አይታሰብም። ታዲያ ከየትኛው እርከን ላይ ቢቀመጡ ያለ ሰው እርዳታ ይነሳሉ? መያዣስ የት ላይ ይበጅላቸው? ይህን ሳያጣራ የሚያሰናብታቸው ሆስፒታል እቤታቸው ሲወድቁ መልሶ ይቀበላቸዋል።

ሌላም አለ። በእኛ አገር በግራ እጅ ከጋራ ገበታ መጉረስ ነውር ነው። በውጭ አገር መጽሐፍ ላይ "በግራ እጅ መብላትን አለማምድ" የሚለው ምክር እኚህን እናት ከቤተሰቡ ማዕድ ሊለያቸው ይችላል። ለብቻቸው ይቅረብላቸው ወይስ ልጃቸው ታጉርሳቸው? ተማሪው መልሱን ከራሱ ከማምጣት ይልቅ እሳቸውን "እርስዎ ምን ይሻልዎታል?" ቢል ይበጃል።

ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ በኩል የሚገኘው ቢሲዲሞ ሆስፒታል በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቀ ነው። በሽታው ነርቭን ስለሚጎዳ እጅ ትኩስ ነገር ሲይዝ ላይሰማው ይችላል፤ ሰውየው መቃጠሉን የሚያውቀው ቁስሉን ሲያይ ነው። ስለዚህ የጀበናውን እጀታ በጨርቅ መጠቅለል የሕክምናው አካል ነው። ተማሪው ቡና ሲፈላ ተቀምጦ ቢያይ ጊዜ አባከነ አይባልም።

በከተማዋ ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማሊኛ ስለሚነገሩ አስተርጓሚ አስቀድሞ ይዘጋጃል። የቤተሰብ አባል ሲያስተረጉም ታማሚው ስለ መጸዳዳትና ስለ መታጠብ ሊያፍር ይችላልና ሌላ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ወደ ቤት ከመሄድ በፊት የታማሚው ፈቃድ ይጠየቃል፤ በተማሪው ማስታወሻ ላይም ስማቸው አይጻፍም።