የዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ደብዳቤና የግብጽ ክርስቲያኖች

በባዕድ መንግሥት ሥር ሆኖ የሚጨነቀውን ወንድም ከሩቅ ሆኖ ለመርዳት መነሣት በጎ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ረዳቱ የሚናገረውን የቍጣ ቃል ዋጋ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ረዳቱ ሳይሆን ያ የተጨነቀው ወንድም ነው። ይህንም በኢትዮጵያ ነገሥታትና በግብጽ ሱልጣኖች መካከል የተደረገው መላላክ አጕልቶ ያሳያል። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በ1321 ሱልጣን አል ናስር ሙሐመድ በካይሮ አጠገብ ኩሬ ያስቈፍር ነበር። ቍፋሮው አል ዙህሪ ይባል በነበረው ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ ስለ ዞረ ሕንጻው በመካከል ብቻውን ቆመ። በግንቦት ወር በአንድ ዓርብ ቀን ሕዝቡ ያለ መንግሥት ትእዛዝ ወጥቶ አፈረሰው፤ በዚያው ሰሞን በሌሎችም ከተሞች እንዲሁ ተደረገ። አል መቅሪዚ የተባለው የግብጽ ታሪክ ጸሐፊ የፈረሱትን አብያተ ክርስቲያናት ወደ 60 ያደርሳቸዋል። ሱልጣኑ በነገሩ ተቈጥቶ ወታደሮች ቢልክም፥ ጥቂት ቈይቶ በካይሮ ቃጠሎ ስለ ተነሣና መነኰሳት አቃጣዮች ናቸው ተብለው ስለ ተከሰሱ፥ የሕዝቡ ጩኸት በረታበት። በመጨረሻም ክርስቲያኖች ሰማያዊ ጥምጥም እንዲጠመጥሙና በፈረስ እንዳይቀመጡ ተደረገ። መንግሥት የራሱን ሕዝብ ሲፈራ ዕዳው በጥቂቶቹ ላይ ይወድቃል።

የዚህ ግፍ ወሬ ለኢትዮጵያ የጎረቤት ወሬ ብቻ አልነበረም። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በ1959 የራስዋን ፓትርያርክ እስካገኘችበት ጊዜ ድረስ ከእስክንድርያ መንበር ጋራ የተሳሰረች ነበረች፤ በመካከለኛው ዘመንም ጳጳሷ ከግብጽ ይመጣላት ስለ ነበረ፥ ፓትርያርኩ ሲታሰር የኢትዮጵያም ቤተ ክርስቲያን ያለ አባት የመቅረት ሥጋት ያድርባት ነበር። ስለዚህ ዐፄ ዓምደ ጽዮን ሁከቱ ከተደረገ ከአራት ወይም ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ ካይሮ መልእክተኞች ልኮ፥ የፈረሱት አብያተ ክርስቲያናት ካልታነጹ በአገሩ ያሉትን መስጊዶች እንደሚያፈርስና ዓባይንም ከግብጽ እንደሚያስቀር አስታወቀ። አል ናስር ግን በቃሉ አፌዘና መልእክተኞቹን አሰናበተ። በእርግጥ ወደ ግብጽ የሚወርደው ውሃ አብዛኛው ከኢትዮጵያ ተራሮች የሚነሣ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ያን የመሰለ ወንዝ ሊመልስ የሚችል ጥበብ አልነበረም። በአገሩ ተወልደው የሚኖሩ እስላሞችስ በካይሮ ለተደረገው በደል ምን ዕዳ አለባቸው? የግብጽም ክርስቲያን የተበደለው በዚህ ዓይነት አስተሳሰብ ነበር።

ዐፄ ዳዊት ሌላ መንገድ መረጠ፤ ለሱልጣን ባርቁቅ በግመሎች የተጫነ ገጸ በረከት ልኮ ወዳጅነት መሠረተ። ልጁ ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በ1434 ሲነግሥ ይህ ወዳጅነት ከመታሰቢያነት በቀር ብዙም አልቀረለትም ነበር። በ1438 በግብጽ በዓባይ ወንዝ አፍ አካባቢ የነበረው የደብረ ምጥማቅ ገዳም ፈረሰ። ይህ ገዳም በእመቤታችን መገለጥ የታወቀ ሲሆን፥ በዓሉን ለማየት ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድነት ይሰበሰብበት ነበር። ገዳሙ ሲፈርስ የጠፋው የድንጋይ ሕንጻ ብቻ አይደለም፤ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ቀን በአንድ ስፍራ የሚቆሙበት ልማድ አብሮ ጠፋ። ፓትርያርኩ ዮሐንስ 11ኛ የላከው መርዶ ሲደርሰው ንጉሡ አለቀሰ፤ በተጕለትም ቤተ ክርስቲያን አሳንጾ ስሙን ደብረ ምጥማቅ አለው።

ከዚያም በ1443 ለሱልጣን ጃቅማቅ ደብዳቤ ጻፈ። የደብዳቤው አነጋገር ከዓምደ ጽዮን ዛቻ በብዙ የተለየ ነው። የአባቱንና የባርቁቅን ፍቅር ካስታወሰ በኋላ፥ በግዛቱ የሚኖሩት እስላሞች በክብር እንደሚኖሩና በፈረስ እንደሚቀመጡ ገልጾ፥ የግብጽ ክርስቲያኖችም እንዲሁ እንዲጠበቁ ይለምናል። በፈረስ መቀመጥ በግብጽ ለክርስቲያን የተከለከለ እንደ ነበረ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ቃል ከብዙ ዛቻ ይበልጣል። ንጉሡ ግን በዚህ አልተወሰነም፤ ዓባይን ለመመለስ ሥልጣን እንዳለው፥ ሆኖም እግዚአብሔርን ስለሚፈራና ለሰው ልጅ ስለሚራራ ብቻ እንደ ተወው ጨመረበት።

ጃቅማቅ ገጸ በረከት አስይዞ አምባሳደር ላከ፤ ገዳሙ እንደ ገና እንዲታነጽ ግን አልፈቀደም። ዘርአ ያዕቆብ በዚህ ተቈጥቶ አምባሳደሩን ያዘው። በ1445 የአዳሉን ሱልጣን በድላይን በጦር ሜዳ ድል አድርጎ ሲገድለው፥ የካይሮው ሰው ገና በእጁ ነበረ፤ ድሉንም አሳየው። ወሬው ካይሮ ሲደርስ ሱልጣኑ ሊመታው የሚችለውን ሰው በቅርብ አገኘ፤ ፓትርያርኩን አስጠርቶ አስገረፈው፥ ክርስቲያኖቹንም ሁሉ በሞት አስፈራራቸው። አምባሳደሩ የተለቀቀው ፓትርያርኩ ወደ ኢትዮጵያ ከላከ በኋላ ነው። በ1448ም ፓትርያርኩ ሱልጣኑ ሳያውቅ ከኢትዮጵያ ንጉሥ ጋራ እንዳይጻጻፍና ጳጳስም እንዳይሾም በጽሑፍ ግዴታ ገባ።

እኔ እንደሚመስለኝ የንጉሡ ስሕተት ደብዳቤ መጻፉ አይደለም፤ ዝም ቢልማ ኖሮ የምጥማቅ ፍርስራሽ በካይሮ ቤተ መንግሥት ስሙን የሚያነሣለት ሰው ባልተገኘም ነበር። የእስላሞችን መብት በአገሩ ጠብቆ በዚያው ለሌሎች መከራከሩ ማንንም የማያስገርፍ ድጋፍ ነበር፤ አምባሳደሩን መያዙ ግን ክንዱ የማይደርስበትን ሽማግሌ ለጅራፍ አሳልፎ ሰጠ። ይህ ሁሉ በድሉ ግርማ ተሸፍኖ፥ በእኛ ዘንድ ታሪኩ ሲነገር የበድላይ መሞት ይነሣል እንጂ የዮሐንስ መገረፍ እምብዛም አይነሣም።

በግብጽ የነበረው ገዳም አልታነጸም። በተጕለት በተሠራው በደብረ ምጥማቅ ግን በ1450 ገደማ ስለ ሰንበት ክርክር ታላቅ ጉባኤ ሲደረግ፥ ከእስክንድርያ የመጡት ሁለቱ ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል ከንጉሡ ጋራ ተቀምጠው ነበር።